ሁሉም የጠቀሳቸው፣ ማንም ያላነበባቸው ሰው

ባለፈው ነሐሴ የወንድሜ ልጅ ሰላም ክረምቱን ደሴ እኔ ቤት አሳለፈች። ለማስተርስ ዲግሪዋ የምትጽፈው ስለ አቀንጭራ ነው፤ ማሽላ ሥር ተጣብቆ ምግቡን የሚመጠውን፣ አበባው ሐምራዊ የሆነውን ያንን አረም ማለቴ ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የጦሳ ተራራ ጉም ወርዶ መስኮቱን ሸፍኖታል፤ እኛም የተጠበሰ የበቆሎ እሸት እየፈለፈልን ተቀምጠናል። በመሀል ላፕቶፕዋን ወደ እኔ አዞረችው።

«አጎቴ፣ ይቺን ይመልከቱልኝ። ስለ አቀንጭራ የተጻፈው ሁሉ እዚህ ውስጥ አለ።»

ስክሪኑ በነጠብጣብና በቀጫጭን መስመር ተሞልቷል። አንዱ ነጥብ አንድ ጽሑፍ ነው አለችኝ፤ መስመሩ ደግሞ ማን ማንን እንደጠቀሰ ያሳያል። ብዙ ሰው የጠቀሰው ጽሑፍ ነጥቡ ይተልቃል። ማሽኑ ነጥቦቹን በቀለም ከመለየት አልፎ ለትልልቆቹ አጭር ማጠቃለያ ጽፎላቸዋል። እኔ ሥራውን አውቀዋለሁ። እሷ ሳትወለድ በእጄ፣ በካርድና በሹራብ ክር ሠርቼዋለሁ። ይህንኑ ልነግራትና ትንሽ ልኮራባት አፌን ስከፍት፣ ስለ አገራችን ከተጻፉት መሀል ጉብ ያለውን ትልቁን ነጥብ አየሁት። «ይማም ሙሄ» ይላል። ሥሩ የተጻፈው ማጠቃለያ ደግሞ «አቀንጭራን በእጅ መንቀል ዋነኛ መፍትሔ መሆኑን ያረጋገጠ ጥናት» ይላል።

ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ። ሰው በዚህ ዕድሜው ብቻውን የሚያፍር አይመስለኝም ነበር።

«ምነው አጎቴ? ያውቋቸዋል እንዴ?»

«አውቃቸው ነበር» አልኳትና በቆሎውን አስቀመጥኩት።

ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት ሆኖት ነበር። ኮምቦልቻ ውስጥ ባንድ የእርሻ መሥሪያ ቤት ሰነድ ክፍል ተቀጥሬ እሠራለሁ። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም፤ ዛሬ የሚሠሩበት ልጆች ምንም አላጠፉም። ቤቴ ደሴ ስለሆነ ጠዋት ጠዋት ሹራብና ካፖርት ደርቤ ሚኒባስ እሳፈራለሁ፤ የሐረጎን ጠመዝማዛ ወርደን ኮምቦልቻ ስንደርስ ካፖርቱም ሹራቡም ክንዴ ላይ ይሆናሉ። ሰነድ ክፍሉ ቀድሞ የዘር መጋዘን ስለነበረ ጆንያ ጆንያና የተባይ መድኃኒት ይሸታል። መደርደሪያው ላይ የተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ሪፖርት፣ መጽሔት፣ ቅጠሉ የተገነጠለ ጥራዝ ሁሉ ተቆልሏል። የአቧራው ጌታ እኔ ነበርኩ።

አለቃዬ ቁጭ ማለት የማይወድ፣ ችኩል፣ ግን ክፋት የሌለበት ሰው ነበር። «አንድ ገጽ!» ይላል ሁልጊዜ። «ከአንድ ገጽ በላይ የሚያነብ ካድሬ አሳየኝና ደሞዜን ውሰድ።» አንድ ቀን መጥቶ ስለ አቀንጭራ እስካሁን የተጠናውን ጠቅልለህ አምጣ አለኝ። ከወረዳዎቹ የሚመጣው ስሞታ በዝቶበት ነበር፤ ወረባቦና ቃሉ ቆላው ላይ አረሙ ማሽላውን እየፈጀው ነው።

መደርደሪያውን አየሁትና ወገቤ ተቆረጠ። ያን ሁሉ ማን ያነባል? በዚያው ሰሞን ታዲያ ካንድ አሮጌ የውጭ አገር መጽሔት ላይ አንድ ዘዴ አንብቤ ነበር። ጽሑፎቹን ሁሉ ከዳር እስከ ዳር ማንበብ አያስፈልግም ይላል። መጨረሻቸው ላይ ያለውን የዋቢ ዝርዝር ብቻ ተመልከት፤ ማን ማንን እንደጠቀሰ መዝግብ፤ ብዙዎች የጠቀሱት እሱ የዘርፉ ምሰሶ ነው፤ አብረው የሚጠቀሱት ደግሞ አንድ ቤተሰብ ናቸው። ለሰነፍ ወጣት ከዚህ የበለጠ የምሥራች የለም።

ደሴ አራዳ ገበያ ወርጄ ቀይና አረንጓዴ የሹራብ ክር ገዛሁ። ሻጯ ሴትዮ «ለስንት ዓመት ልጅ ነው?» ብላ ስትጠይቀኝ ለግድግዳ ነው አልኳትና ከት ብላ ሳቀችብኝ። ለእያንዳንዱ ጽሑፍ አንድ ካርድ ቆርጬ በእስፒል ግድግዳው ላይ ሰካሁ፤ ከጠቃሹ ወደ ተጠቃሹ ክር ወጠርኩ። ሥራው እየገፋ ሲሄድ ክሮቹ ካራቱም ማዕዘን እየመጡ ባንድ ካርድ ላይ ይታሰሩ ጀመር። ካርዱ «ይማም ሙሄ፣ በወረባቦ የማሽላ ማሳዎች ላይ የተደረገ ሙከራ» ይላል። በመጨረሻ ካርዱ በክር ብዛት ተሸፍኖ ስሙም አይነበብም ነበር። እውነት ለመናገር ግድግዳው ያምር ነበር። ከሒሳብ ክፍል ሳይቀር እየመጡ ያዩልኝ ነበር።

የይማምን ጽሑፍ ግን መደርደሪያው ላይ አጣሁት። አንዱ ጣሪያው ሲያፈስ በስብሷል አለኝ፤ ሌላው በግርግሩ ጊዜ ለማገዶ ሆኗል አለኝ። ብዙም አልፈለግኩትም። ሌሎቹ ስለሱ የጻፉት ይበቃኛል፤ ይህን ያህል ሰው የመሰከረለትን እኔ ደግሞ ምን አነበዋለሁ ብዬ አንድ ገጼን ጻፍኩ። «የዘርፉ መሠረት የይማም ጥናት ነው። በጥናቱ መሠረት አቀንጭራን በእጅ ነቅሎ መጣል ዋነኛው መፍትሔ ነው።» አለቃዬ አነበበውና ግንባሬን ሳመኝ። ወረቀቱ ተባዝቶ ወደ ወረዳዎች ወረደ፤ ለሚጠይቁ ተማሪዎችም ተሰጠ፤ ከዚያ በኋላ የት እንደሄደ አልጠየቅኩም።

ማንም አላስተማረኝም እንዳልል አባቴ ነበር። ቤታችን ጴንጤ ነው። እራት ላይ ከልጆቹ አንዱ ግማሽ ጥቅስ ወርውሮ ሊከራከር ከሞከረ አባቴ እንጀራውን ወደ ራሱ ይስብና «ምዕራፉን ከላይ ጀምረህ አንብብልን» ይላል። ወጡ እየቀዘቀዘ እናነባለን። ብዙ ጊዜ ጥቅሱ ልጁ ያለውን ሳይሆን ሌላ ነገር ሲል ይገኛል። እኔ በዚህ ማዕድ ላይ ያደግኩ ሰው ነኝ።

መስከረም ሲያልቅ አለቃዬ ለኅዳር ትልቅ ስብሰባ አሰበ። ግድግዳውን ለእንግዶች ሊያሳይ ነው። «ይሄ ይማም የሚባለው ሰው በሕይወት አለ?» አለኝ። አጠያየቅሁ። ጡረታ ወጥተው ደሴ እንደሚኖሩ፣ ጠዋት ጠዋት ፒያሳ ካንዲት ሻይ ቤት እንደማይጠፉ ነገሩኝና የክብር እንግዳ እንዲሆኑ ልጋብዛቸው ሄድኩ።

ረጅም፣ ቀጭን ሰው ናቸው። ነጭ ኮፍያ፣ ክርኑ የሳሳ ኮት፣ ወፍራም መነጽር። ዓይናቸው ሞራ ስለያዘው ቦምቦሊኖውን በጣታቸው ዳብሰው ነው ሻይ ውስጥ የሚነክሩት። ደህና አደሩ ጋሼ ብዬ እጅ ነሳሁ።

«አልሐምዱሊላህ። መርሐባ፣ ቁጭ በል ልጄ። የማን ልጅ ነህ?»

የአባቴን ስም ነገርኳቸው።

«አውቀዋለሁ። ሐቀኛ ሰው ነው» አሉና ለእኔም ሻይ አዘዙልኝ።

ስለ ግድግዳው ነገርኳቸው። ስለ ካርዶቹ፣ ስለ ክሮቹ፣ ክሮቹ ሁሉ የት እንደሚደርሱ። አዳመጡኝና ቦምቦሊኖውን መልሰው ሳህኑ ላይ አስቀመጡት።

«ሁሉም?»

«ሁሉም ለማለት ይቻላል፣ ጋሼ።»

«ሱብሃነላህ! ያቺን ጽሑፍ በስቴንስል ሳባዛ ‹ይማም ለአይጥ ጎጆ ወረቀት እያዘጋጀ ነው› እያሉ ይስቁብኝ ነበር እኮ።» መነጽራቸውን አውልቀው በኮታቸው ጫፍ ጠረጉት፤ ደግሞም ዓይናቸውን። ከዚያ ጎንበስ ብለው «አንተስ? ቀራኸው?» አሉኝ።

ወሎ ውስጥ መቅራት ዝም ብሎ ማንበብ አይደለም። ደረሳ ከሸሁ ፊት ቁጭ ብሎ፣ ቃሉን እየጠራ፣ ሲሳሳት እየታረመ የሚያነበው ነው። የጠየቁኝ በፍቅር ነበር፤ ደስታቸውን ማፍረስ አቃተኝ። እንዲያ ነው ለራሴ የምነግረው። እንደ እውነቱ ከሆነ ግን ማፈሬ ነው። ያላነበብኩትን ሰው የዘርፉ ምሰሶ ብዬ ልጋብዝ መጥቼ አላነበብኩም እንዴት ልበል?

«አዎ ጋሼ፣ ቀርቼዋለሁ።»

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። እሳቸው ግን ፊታቸው በራ።

«እንግዲያ የአበባውን ነገር አይተሃል!»

«አይቻለሁ» አልኩ። የምን አበባ እንደሆነ ግን አላውቅም። ሻዬን ፉት አልኩ፤ ምላሴን አቃጠለኝ።

ግብዣውን ተቀበሉ፤ አንድ ነገር ብቻ ለመኑኝ። ሙከራውን ያደረጉት በትውልድ መንደራቸው፣ ከወረባቦ ከተማ ከቢስቲማ ወረድ ብሎ ባሉ የዘመዶቻቸው ማሳዎች ላይ ነው። እኅታቸው አሁንም እዚያው አለች። ከስብሰባው በፊት ወስጄ ባሳያቸው፣ የመንደሩ ሰው በማሳው ላይ የተሠራው ጥናት የት እንደደረሰ ቢሰማ ደስ ይላቸዋል። አለቃዬ ወዲያው ላንድሮቨር ከነሾፌሩ ሰጠኝ።

የሄድነው በጥቅምት መጀመሪያ ነው። ከደሴ ብርድ ወጥተን ሐይቅን አለፍን፤ ውሃው ጠዋት ላይ እንደ ብረት ድስት ክዳን ያበራ ነበር። ጋሽ ይማም መንገድ ላይ ጥንቅሽ አስገዙኝና እየላጡ ለሾፌሩም ለእኔም ያድላሉ። ጣፋጩን እየመጠጥን ስለ ልጅነታቸው አወጉን። አስኳላ ሳይገቡ በፊት ደረሳ ነበሩ።

«የኛ ሸህ አንድ ሕግ ነበራቸው» አሉ። «‹ሸሁ እንዲህ አሉ› ለማለት ፊታቸው ቁጭ ብለህ መቅራት አለብህ። ከበር ላይ ቆሞ የሰማ አይቆጠርም። ‹ከማን ወሰድከው?› ይሉሃል። ከእገሌ ትላለህ። ‹እሱስ ከማን?› ይሉሃል። እንዲያ እያሉ ዱካውን እስከ ጥንቱ ይወስዱሃል።»

ሾፌሩ ማሻአላህ አለ። እኔ ጥንቅሹን አኘኩ።

ከቢስቲማ ወረድ እንዳልን ጋሽ ይማም አንገታቸውን በመስኮት አወጡ። ዓይናቸው ቅርጽ አይለይም፤ ቀለም ግን ያያል።

«ያ ማሳው ዳር ያለው ሐምራዊ ነገር ምንድን ነው? ጨርቅ ነው የተሰጣው?»

«አቀንጭራ ነው ጋሼ» አለ ሾፌሩ። «ዘመቻ ላይ ናቸው። ነቅለው ከምረውት ነው።»

«አቁም።»

ወረዱ። ክምሩ ከማሳ እስከ ማሳ ይታያል፤ መንገዱም ላይ ተንጠባጥቧል። ላሞች ቆመው ይበሉታል። ሰዎች በሸክም ካንዱ ማሳ ወደ ሌላው ድንበር ያሻግሩታል። ጋሽ ይማም አንዱን ግንድ አነሡ፤ ደርቆ የተሰነጠቀውን ፍሬ በመዳፋቸው መሀል አሹትና እጃቸውን ዘረጉልኝ። ጥቁር ዱቄት ነበር፤ ከበርበሬ ልም ይልማል። እፍ ሲሉት በነፋስ ሄደ።

«ይሄ ዘር ነው» አሉ፤ ድምፃቸው ተቀየረ። «እያንዳንዷ ብናኝ ዘር ናት። መሬት ውስጥ ዓመት ከዓመት ተኝታ ማሽላ ትጠብቃለች። ካበበ በኋላ፣ ካፈራ በኋላ ነቅለው በየማሳው ይዘሩታል? ለከብት ይሰጡታል? በእበቱም እኮ ይወጣል። ማነው እንዲህ ያዘዘው?»

የአበባው ነገር ምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

ሰዎች መኪናውን አይተው መጡ። ፊት ፊት የሚሄዱት እንድሪስ የሚባሉ፣ ከጋሽ ይማም ጋር አብረው ያደጉ ሰውዬ ናቸው። እኅታቸው እትዬ ፋጡማም ከኋላ እጇን በሻሿ እየጠረገች ትመጣለች።

«አሰላሙ አለይኩም፣ ይማም! አላህ ያመጣህ ጊዜ! ያንተን ትእዛዝ ስንፈጽም ደረስክ።»

«የእኔን?»

«ከወረዳ የመጣው ወረቀት ይማም አጥንቶ ‹ነቅላችሁ ጣሉ› ብሏል ይላል። ይማም ካለማ ብለን ነው የወጣነው። ሌላ ሰው ቢሆን ባጨዳ ሰሞን ማን እሺ ይለዋል?»

ጋሽ ይማም ወደ እኔ ዞሩ። ሞራ የያዛቸው ዓይኖቻቸው ፊቴ ላይ ትንሽ ቆዩ፤ ሁሉንም እንዳወቁ አወቅኩ። ሻይ ቤቱን፣ ቀርቼዋለሁ ያልኩትን፣ አንድ ገጹን፣ ሁሉንም።

«ጋሼ፣ እኔ…» ብዬ ጀመርኩ።

ክንዴን ያዙኝ። ቀጭን ጣቶቻቸው እስኪያመኝ ጨበጡኝ።

«ቆይ ልጄ» አሉ። ከዚያ ወደ ሰዎቹ ዞረው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «ጀመዓው፣ ስሙኝ! ተሳስቻለሁ።»

ሸክም የያዙት ሸክማቸውን አወረዱ።

«መነቀል የነበረበት ከማበቡ በፊት ነው። አሁን ግን ዘሩ ደርሷል። ከብቱን ከልክሉ። ክምሩን ወደ ማንም ማሳ አታሻግሩት፤ ባለበት አቃጥሉት። ዛሬውኑ። አፉ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ።»

እንድሪስ ዱላቸውን ተደግፈው አዩአቸው። «ወላሂ ይማም፣ ትናንት ንቀሉ፣ ዛሬ አቃጥሉ። ያን ያህል ዘመን የተማርከው ለዚህ ነው?» ከኋላ ሰው ሳቀ። እትዬ ፋጡማ ሻሿን ወደ አፏ ሳበችው። ወንድሟ የተከበረበት አገር ነው፤ ስሙን ጠርተው ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት የሚልኩበት አገር።

«አዎ እንድሪስ፣ ሰው ነኝ፣ እሳሳታለሁ። ክብሪት የያዘ አለ?» አሉ ጋሽ ይማም።

አቃጠሉት። ከሰዓት እስኪያልፍ ድረስ በየማሳው ድንበር ጭስ ወጣ። ጋሽ ይማም ኮታቸውን አውልቀው፣ እየተደናቀፉ ተሸከሙ። እኔም ተሸከምኩ፤ ሸሚዜ ላይ የቀረው የአረም ሽታ ኮምቦልቻ ድረስ ተከተለኝ። ሁሉም ክምር ግን አልተገኘም። ከብቶቹ የበሉት ተበልቷል፤ ነፋስ የወሰደው ተወስዷል። እነዚያ ማሳዎች በተከታዮቹ ዓመታት ምን እንደሆኑ ስሰማ ኖሬያለሁ።

እትዬ ፋጡማ የማሽላ ቂጣና አሬራ አቀረበችልን። ቂጣውን እየቆራረስኩ ሳህኑ ላይ ተውኩት። እሷ ግን «ብላ እንጂ፣ አብሽር፣ አንተ ምን አጠፋህ?» ትለኛለች። ሾፌሩ ጎማ እያየ ሳለ ጋሽ ይማምን ብቻቸውን አገኘኋቸው።

«ለምን ጋሼ? ያልተሳሳቱትን?»

«ዘሩ እየረገፈ ነበር» አሉ። «አልተሳሳትኩም ብል ‹ታዲያ ወረቀቱን ማን ጻፈው?› ይላሉ፤ ሸንጎ ይቀመጣል፤ ጀምበር ትጠልቃለች። ተሳስቻለሁ ያለን ሰው ማንም አይከራከረውም።» ኮታቸውን እየለበሱም «ደግሞ አንተ ልጅ ነህ። የሰውን ነውር የሰተረ፣ አላህ የሱን ይሰትርለታል» አሉ።

መሰተር መሸፈን ነው። ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር።

ኮምቦልቻ እንደደረስኩ ለአለቃዬ አንድም ሳልደብቅ ነገርኩት። ጭንቅላቱን ይዞ ትንሽ አሰበና ፊቱ ፈካ። «እሳቸው ራሳቸው ሕዝብ ፊት ተሳስቻለሁ ብለዋል አይደል? በቃ፣ ተፈታ!» በሁለተኛው ሳምንት ሌላ አንድ ገጽ ወጣ። «የይማም ጥናት ስሕተት እንደነበረበት አጥኚው ራሳቸው ስላመኑ» ብሎ ይጀምራል። ሐሰት ነው ብዬ ተከራከርኩ። ተከራከርኩ ስል፣ ሁለት ዓረፍተ ነገር ተናገርኩ ማለቴ ነው። «የመሥሪያ ቤቱ ስም ቢጠፋ ትወዳለህ?» ሲለኝ ወደ መደርደሪያዬ ተመለስኩ። አዲስ ተቀጣሪ ነበርኩ። ስብሰባው ኅዳር ላይ ተደረገ፤ ጋሽ ይማም አልመጡም።

ከዚያ በኋላ ነው ወደ ግድግዳው ተመልሼ ማድረግ የነበረብኝን ያደረግኩት። ክሮቹን መቁጠር ትቼ፣ በየክሩ ጫፍ ያለውን ዓረፍተ ነገር አንድ ባንድ አነበብኩ። የመጀመሪያው ጠቃሽ ጽሑፉን አንብቦታል፤ «ከማበቡ በፊት በእጅ ቢነቀል ይጠቅማል» ይላል። ከሱ የወሰደው «በእጅ ቢነቀል ይጠቅማል» አለ። ከዚያኛው የወሰደው «ውጤታማ ነው» አለ። ማንም አልዋሸም። ቃሉ እንደ ገላ ሳሙና ከእጅ ወደ እጅ እየሟሸሸ መጥቶ እኔ ጋ ሲደርስ «ዋነኛው መፍትሔ» ሆነ፤ «ነቅሎ መጣል» የሚለውንማ ከራሴ ነው የጨመርኩት። ክር ማን ከማን ጋር እንደታሰረ ያሳያል። ምን እንዳለው ግን አያሳይም። የጋሽ ይማም ሸህ ይህን ያለ ካርድና ያለ እስፒል ያውቁት ነበር፤ አባቴም ወጡን እያቀዘቀዘ ሊነግረኝ ሞክሮ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ጋሽ ይማም ቤታቸው አስጠሩኝ። የጽሑፉን የራሳቸውን ቅጂ ከሣጥን አውጥተው ጉልበቴ ላይ አስቀመጡት። «ዓይኔ አልታዘዝ ብሎኛል። አንተ ቅራ፣ እኔ እሰማለሁ» አሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድኩ ቀራሁላቸው። ፉል አብረን እንበላለን፣ ከዚያ አነባለሁ። ስቸኩል ያስቆሙኛል፤ ቃል ስዘል ያውቁብኛል። ስለ ቢስቲማ አንድም ቀን አላነሡም። የአበባው ገጽ ላይ ስደርስ አስቆሙኝ።

«ድገመው» አሉኝ።

ደገምኩት።

«አሁን ቀርተኸዋል» አሉ፤ ቅጂውንም ሰጡኝ።

ጥቂት ዓመት ቆይተው ዐረፉ። ለቀብር ቢስቲማ ሄድኩ። እንድሪስ ዕንባቸውን በጋቢያቸው ጠርገው ላጠገባቸው ሰው ሲናገሩ ሰማሁ፤ «ደግ ሰው ነበር። በአቀንጭራው ነገር ቢሳሳትም፣ ደግ ሰው ነበር።» እኔ አጠገባቸው ቆሜያለሁ። ክንዴን የያዘኝ ማንም አልነበረም። ግን አልተናገርኩም።

በዚያው ዓመት እንደ መጽናኛ አንድ አጭር ጽሑፍ ጻፍኩ። ይማም ሙሄ ያሉት ይህ ነው፣ ያላሉት ይህ ነው የምትል ናት። ስሕተቱ ከየት እንደገባ ስናገር ግን «በአንዳንድ ማጠቃለያዎች» ብዬ አለፍኩት። አንዲት ትንሽ መጽሔት አወጣችልኝ።

ይህን ሁሉ የማስበው ሰላም አጠገቤ በቆሎዋን እየበላች፣ ካርታዋን ወዲያ ወዲህ እያንሸራተተች ሳለ ነው። ጉሙ አልተገፈፈም።

«አጎቴ፣ ዳር ላይ ያሉትን፣ ማንም ያልጠቀሳቸውን ነጥቦች ላጥፋቸው ነው። ካርታውን ያቆሽሹብኛል።» ከዚያ ፊቷን ወደ ስክሪኑ አስጠጋች። «ውይ! ይቺ የእርስዎ አይደለችም?»

አየኋት። የጤፍ ፍሬ የምታህል ነጥብ ናት፤ ጥግ ላይ ብቻዋን። ያቺ ጽሑፌ ናት።

«ማንም አልጠቀሳትም» አለች፤ እንዳይከፋኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። ሌሎቹን ጽሑፎቼን ደግሞ አወጣቻቸው። ስለ ማሽላ ብዙ ጽፌያለሁ። ጥቂት ተመለከተችና «እርስዎ ራስዎም አልጠቀሷትም» አለችኝ።

እውነቷን ነው። እጽፍና እዚያ ቦታ ላይ ስደርስ ብዕሬ ይዘላታል። እሷን ከጠቀስኩ፣ የተሳሳተው ማን ነበር የሚል ሰው ይመጣል። ጋሽ ይማም የሸፈኑኝ ላንድ ከሰዓት ነበር፤ እኔ ግን ሽፋኑን ዕድሜ ልኬን ለብሼው ኖርኩ። እሳቸው ባላሉት ነገር በዓለሙ ካርታ ላይ ገነኑ፤ ባልሠሩት ስሕተት ደግሞ በመንደራቸው ተቀበሩ። በሁለቱም ላይ የእኔ እጅ አለበት።

ተነሥቼ ከመጻሕፍቱ ጀርባ ቅጂውን አወጣሁት። ወረቀቱ ቢጫ ሆኗል፤ የስቴንስሉ ቀለም ግን ይነበባል።

«ላፕቶፑን ዝጊውና ይሄን ቅሪልኝ።»

«ቅሪልኝ? ጴንጤ ሆነው?» ብላ ሳቀች። ግን ተቀበለችኝ። ጥሩ አንባቢ ናት፤ ከላይ ጀምራ ሳትቸኩል አነበበች። የአበባው ገጽ ላይ ስትደርስ አስቆምኳት።

«ድገሚው።»

ደገመችው። ገጹን አየች፣ የተዘጋውን ላፕቶፕ አየች።

«አጎቴ፣ ይሄማ የሚለው ሌላ ነው። ታዲያ ሰው ሁሉ ያንን ከማን ወሰደው?»

ቀጫጭን ጣቶች ክንዴን የያዙኝ መሰለኝ። ቆይ ልጄ የሚለኝ ግን አልነበረም።

«ከእኔ» አልኳት።